ስም፣ ልክ፣ ግብር፦ ምርቱ የተቋረጠን ቤዝ ጊታር ስለ መተካት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በጭሮ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ «የፊዚክስ መምህር ከጊታር ገበያ ምን አገናኘው?» ብሎ ቀልዶብኛል። ቀልድ ቢሆንም መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። መልሴም ይህ ነው፦ ጉዳዩ እኔ ራሴ የተሳሳትሁበት ነው፤ የስሕተቴንም ዋጋ የከፈሉት ሌሎች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል ስለ አውታር ርግብግቢት ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ተማሪዎቼን በፈተና የምጥልበትን ስሕተት ከክፍል ውጭ ሠርቼዋለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ደብቆ ከመያዝ በአደባባይ መናገር ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ ቀርቤአለሁ።

ነገሩ የተፈጸመው ከሦስት ዓመት በፊት በሚኤሶ ነው። ሚኤሶ ከአዋሽ ወደ ጭሮ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ የምትገኝ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ገበያ የሚሰሙባት ቆላማ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው አሮጌው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ሚኤሶም ከመስመሩ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። በዚህ ሐዲድ ጥገና ላይ ዕድሜአቸውን የጨረሱ አንድ አዛውንት አሉ፤ ስማቸውን ባልጠራም ከተማው ያውቃቸዋል። በወጣትነታቸው፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ከድሬዳዋ አንድ ቤዝ ጊታር ገዝተው በሠራተኞች መዝናኛ ይጫወቱ ነበር።

ጊታሩ በጃፓን የተሠራ፣ አራት አውታር ያለው፣ አንገቱ አጭር ነው። አውታሩ ከላይኛው ማረፊያ እስከ ታችኛው ድልድይ ድረስ 762 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 30 ኢንች ይረዝማል። ድምፅ የሚቀበልለት አንድ ፒክአፕ ብቻ ሲሆን የተተከለውም ከአንገቱ ሥር ነው። የሞዴሉ ምርት ከተቋረጠ አርባ ዓመት ያህል ሆኖታል። አዛውንቱ ጣቶቻቸው እንቢ ሲሏቸው ጊታሩ ለልጅ ልጃቸው ተላለፈ። እርሷም ከከተማው ወጣቶች ጋር አንድ የሙዚቃ ቡድን አቋቁማ፣ ከአሊ ቢራ ዜማዎች ጀምሮ እስከ ዘመኑ የሠርግ ዘፈን ድረስ እየተጫወቱ በየሠርጉ ይጠራሉ። የአምስት ወጣቶች የሠርግ ወራት ገቢ በዚያ አሮጌ ዕቃ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ጊታሩ ከቆርቆሮ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ በሚኤሶ ፀሐይ ሲግል ዋለ። የቤዝ ጊታር አንገት ሁልጊዜ በጭነት ላይ ያለ ዕንጨት ነው፤ አራቱ አውታሮች ተደምረው ወደ 60 ኪሎ ግራም ክብደት የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጉተታ ያሳርፉበታል። ይህን ጉተታ የሚመክተው በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ነው። ሙቀቱ ዕንጨቱን አላላው፤ ዘንጉም ሲጠብቅ ጥርሱ ተበላ፤ አንገቱ እንደ ቀስት ጎበጠ፣ ቀጥሎም ተጠማዘዘ። እዚህ ጭሮ ያለ ቶርኖ ቤት አዲስ ዘንግ ሊቀርጽ ፈቃደኛ ነበር፤ የተጠማዘዘውን ዕንጨት ግን አናጺም ሆነ ቶርኖ ሊያቃናው አልቻለም። ልጅቷም ወደ እኔ መጣች። በወጣትነቴ በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ መጫወቴን አያቷ ያውቁ ነበርና።

እኔ ምን አደረግሁ? ስም ፈለግሁ። በጊታሩ ራስ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ስም ወስጄ ብመረምር፣ ያው ሠሪ ያንኑ ስም ለአዲስ ሞዴል ሰጥቶት አገኘሁ። ደስ አለኝ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ብዬ ቀለድሁ። ልጆቹ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለአንድ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ላክን፤ ጊታሩም መጣ። ልጅቷ አንድ ቀን ከያዘችው በኋላ የነገረችኝን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «ጋሼ፣ ስሙ አንድ ነው፤ እጄ ግን አያውቀውም።»

አዲሱ ጊታር የአውታር ርዝመቱ 864 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 34 ኢንች ነበር። በኢንች ሲነገር አራት ብቻ ነው፤ ለእጅ ግን አራት ብቻ አይደለም። ተማሪዎቼ እንደምታውቁት ፍሬቶች የሚደረደሩት እያንዳንዱ ግማሽ ቃና የአውታሩን ርዝመት በ1.0595 እያካፈለ እንዲሄድ ተደርጎ ነው። ከአንደኛው ፍሬት እስከ አራተኛው ያለው ርቀት በአሮጌው ጊታር ላይ 114 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአዲሱ ላይ 130 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ጨምሯል ማለት ነው፤ ለትንሽ እጅ ይህ በሚደርሱበትና በማይደርሱበት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ነገር ጉተታው ነው። የአውታር ድምፅ ድግግሞሽ ከርዝመቱ ጋር በተቃራኒው፣ ከጉተታው ካሬ ሥር ጋር ግን በቀጥታ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው አውታር ረዝሞ ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥ ከተፈለገ ጉተታው በርዝመቱ ካሬ መጠን ማደግ አለበት። ከ762 ወደ 864 ስንሄድ ጉተታው በ28 በመቶ ተኩል ያህል ይጨምራል። ዝቅተኛው አውታር፣ በሰከንድ 41.2 ጊዜ የሚርገበገበው፣ በልጅቷ ጣት ሥር እንደ ሽቦ ጠጠረ።

ሦስተኛው ጉዳይ ድምፁ ነበር። ፒክአፕ ከአንገቱ ሥር ሲተከል አውታሩ ሰፋ ብሎ የሚወዛወዝበትን ስፍራ ስለሚያዳምጥ መሠረታዊውን ወፍራም ድምፅ አጉልቶ ይሰጣል፤ ወደ ድልድዩ ሲጠጋ ግን ከፍተኛዎቹ ተከታይ ድምፆች ይበረታሉ፤ ድምፁም ይሰላል። የአዲሱ ጊታር ፒክአፕ ወደ ድልድዩ የተጠጋ፣ በ9 ቮልት ባትሪም የሚሠራ ነበር። ለሌላ ሙዚቃ ግሩም ነው። በእኛ ጭፈራ ግን ቤዙ የሚቆመው ከከበሮው ጎን ነው፤ ከበሮው የመታውን ቤዙ ተቀብሎ መሬት ካላስያዘው ጭፈራው ይላላል። በመጀመሪያው ሠርግ የሆነውም ይኸው ነበር፤ ሰዉ ቤዙ አለመሰማቱን በአፉ አልተናገረም፤ በእግሩ ተናገረ፤ ቶሎ ተቀመጠ። ቡድኑም በዚያ ወር ሁለት ሠርግ ቀረበት።

እዚህ ላይ ከሚኤሶ ወጣ ብዬ የመሣሪያውን ታሪክ ባጭሩ ላንሣ። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ጊታር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ርዝመቱም 34 ኢንች ነበር። ከዚያ በፊትም ፖል ተትማርክ የተባለ የሲያትል ሰው በ1930ዎቹ ባለ ፍሬት የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ዓለም የተቀበለው ግን የፌንደርን ነው፤ 34 ኢንችም ልማድ ሆነ። ሆኖም ብቸኛው ልክ አልነበረም። በ1966 የወጣው ፌንደር ሙስታንግ 30 ኢንች ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ምርቱ ተቋረጠ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በጃፓን እንደገና መሠራት ጀመረ። የጊብሰን ኢቢ ዜሮም ከ1959 እስከ 1979 ከተሠራ በኋላ ቆመ። ምርት የሚቋረጠው መሣሪያው መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፋሽን ይለወጣል፤ ፋብሪካ ባለቤት ይለውጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ዕንጨቱ ራሱ ይከለከላል። ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮዝውድ በሚባለው የዕንጨት ወገን ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ሲጣል በርካታ ጊታር ሠሪዎች ለጣት ሰሌዳው ሌላ ዕንጨት መፈለግ ግድ ሆኖባቸው ነበር፤ የተሠሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚህ ቁጥጥር ነጻ የሆኑት በ2019 መጨረሻ ነው። ስለዚህ አንድ ስም በገበያ ላይ ቢቆይም፣ ከስሙ ሥር ያለው ዕንጨት፣ ልክና ሽቦ ሊለወጥ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሦስት ቃላትን መለየት እንደነበረብኝ የገባኝ፦ ስም፣ ልክና ግብር። ስም ሠሪው ለዕቃው የሰጠው መጠሪያ ነው። ልክ በሜትርና በሚዛን የሚያዘው ነው። ግብር ዕቃው በተጠቃሚው እጅ፣ በቦታው፣ በጊዜው የሚፈጽመው ሥራ ነው። እኔ ከስም ተነሥቼ ልክና ግብር ይከተላሉ ብዬ ገመትሁ። ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት፤ መጀመሪያ «ይህ ዕቃ ለማን፣ ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ መጠየቅ፣ ቀጥሎ ያንን ሥራ ያስቻሉትን ልኮች መዝግቦ መያዝ፣ ስሙን ደግሞ በመጨረሻ ማየት።

ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ የራሳችን መሣሪያዎች ታሪክ ይመሰክራል። የክራር አውታር ቀድሞ ከጅማት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ናይሎን ወይም ብረት ነው፤ ክራርነቱን ግን ማንም አልካደውም። በባህል ምሽቶች ላይ ደግሞ የቤዝ ጊታርን ቦታ ቤዝ ክራር ሲይዝ እናያለን፤ ስሙም ቅርጹም የክራር ነው፣ ግብሩ የቤዝ ነው። በአንጻሩ በበገና ላይ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ብትወገድ፣ አሥሩም አውታሮች በቦታቸው ቢሆኑም፣ የምናውቀው የበገና ድምፅ አይገኝም። እንግዲህ ምን ቢለወጥ ነገሩ ያው ሆኖ እንደሚቀጥል፣ ምን ቢለወጥ ደግሞ ሌላ ነገር እንደሚሆን የሚያውቀው ከመሣሪያው ጋር የኖረ ሰው ነው። እኔ ያን ሰው ሳልጠይቅ ገዛሁ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ሚኤሶ ስወርድ አዛውንቱ አልተቆጡም። በሐዲድ ሠራተኛ አነጋገር መለሱልኝ፤ «መምህር፣ ፉርጎ በስሙ አይሄድም፤ በልኩ ነው እንጂ» አሉ። የሚናገሩት ስለሚያውቁት ነገር ነው። አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1000 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ ግን 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሚኤሶም ሁለቱ የቻይና ሥራ ተቋራጮች የተገናኙባት ድንበር ነበረች፤ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንዱ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ሌላው ሠርተውታል። ሁለቱም «የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር» ይባላሉ። የአሮጌው አንዲት ፉርጎ ግን በአዲሱ ላይ አንድ ሜትር አትሄድም። እኔም ስሙን አይቼ ፉርጎውን ወደማይገባበት ሐዲድ ሰድጄው ነበር።

መፍትሔው ከየት መጣ? ከክፍል ነው። ታሪኩን ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የአውታር ጉተታ ጥያቄ አድርጌ ሰጠኋቸው። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ሁለተኛው ፍሬት ላይ አጥብቆ ቢታሰርስ?» አለ። አሰላነው። 864 ሚሊ ሜትሩ በሁለተኛው ፍሬት ላይ ሲታገድ የሚቀረው የአውታር ርዝመት 770 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከአሮጌው 762 የሚበልጠው በ8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አውታሮቹን መጀመሪያ በአንድ ሙሉ ቃና ዝቅ አድርጎ መቃኘት፣ ከዚያም ሁለተኛው ፍሬት ላይ ማገድ ነው፤ የሚሰማው የቀድሞው ቅኝት ይሆናል። ጉተታው ከአሮጌው የሚበልጠው በ2 በመቶ ገደማ ነው። ከማገጃው በኋላ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ፍሬት ያለው ርቀትም ከአሮጌው የሚለየው በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሆነ። ጊታር ተጫዋቾች እንዲህ ያለውን ማገጃ ካፖ ይሉታል፤ የእኛን ግን ያ ቶርኖ ቤት ከብረት ቁራጭና ከመኪና ጎማ ላስቲክ ሠራልን።

ድምፁ ቀረ። የአሮጌው ጊታር ፒክአፕ አልተበላሸም ነበር። አናጺው በአዲሱ ጊታር ገላ ላይ፣ ከአንገቱ ሥር፣ በጥንቃቄ ጎድጓዳ ስፍራ ቆፈረለት፤ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝም ሽቦውን ባትሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ መውጫው አገናኘው። በዚህ ሁኔታ ምትክ ተገኘ ከማለት ይልቅ ምትክ ተሠራ ማለት ይቀላል። ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብም ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በከፊል ዳነ።

«በከፊል» ማለቴ ስለ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጊታሩ ከአሮጌው ይከብዳል፤ ረጅም ሠርግ ላይ ትከሻ ያደክማል። ሁለተኛ፣ በአንገቱ ጎን ያሉት ነጥቦች ከማገጃው በኋላ ቦታቸው ስለተዛባ ልጅቷ በጥፍር ቀለም የራሷን ነጥቦች አድርጋለች፤ እርሱንም ለመልመድ ሁለት ወር ፈጅቶባታል። ሦስተኛውን በልክ ልነግራችሁ አልችልም። አዛውንቱ አዲሱን ሰምተው «ሥራዬን ይሠራል» አሉ፤ «የእኔ ነው» አላሉም። አሮጌው አንገቱ እንደ ጎበጠ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መተካት የሚቻለው ግብር ነው፤ አብሮ የኖረ ዕድሜ አይተካም። ይህን መቀበል ለመተካት ሥራ እንቅፋት አይሆንም፤ እንዲያውም የማይተካውን እንተካለን ብለን ገንዘብ እንዳናባክን ይጠብቀናል።

ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። እኛም በየዕለቱ ምርታቸው የተቋረጠ ነገሮችን እንተካለን። የቤተ ሙከራ መሣሪያ ሲያረጅ የግዢ ጥያቄ ላይ የምንጽፈው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የአሮጌውን ስም ነው። አንድ መምህር በጡረታ ሲሰናበት በማስታወቂያ የምናወጣው ምንድን ነው? የማዕረጉን ስም ነው። ያ መምህር በእርግጥ ይሠራ የነበረውን፣ ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ በሩን የሚያንኳኩበትን ምክንያት፣ የትኛውም ቅጽ ላይ አንጽፈውም። ከዚያ አዲሱ ሰው ሲመጣ «ስሙ አንድ ነው፣ እጄ ግን አያውቀውም» የሚል ተማሪ ይኖራል፤ ጥፋቱም የአዲሱ ሰው አይደለም።

ስለዚህ አንድ ተግባራዊ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለተማሪዎች ነው። በጭሮ፣ በሚኤሶ፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ በየቤቱ ገና የሚሠሩ አሮጌ መሣሪያዎች አሉ፤ ጊታር ብቻ ሳይሆን የልብስ ስፌት መኪና፣ ወፍጮ፣ ሚዛን። የሚለካው ሳይሰበር ነው። በእረፍታችሁ ወደ ቤት ስትሄዱ አንዱን ምረጡ፤ ርዝመቱን፣ ክብደቱን፣ የክፍሎቹን ቦታ ለኩ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተጠቃሚውን «ከዚህ ውስጥ ምኑ ቢለወጥ ይቀርብዎታል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በራሱ ቃል ጻፉ። እኔ ያን አሮጌ ጊታር ብዙ ጊዜ በእጄ ይዤ ተጫውቼበታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ በሜትር አለካሁትም ነበር። የለካሁት ከተሰበረ በኋላ፣ ገንዘቡም ከወጣ በኋላ ነው።

በመጨረሻም ገንዘባቸውን በእኔ ምክር ያወጡት ወጣቶች ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ይህን ታሪክ በአደባባይ እንድናገር ስለፈቀዱልኝ፣ በዚያ ወር ስለ ቀሩባቸው ሁለት ሠርጎችም አንድ ጊዜ እንኳ ስላልወቀሱኝ በፊታችሁ አመሰግናቸዋለሁ። ጥያቄ ካለ፣ ስለ ፊዚክሱ እኔን፣ ስለ ቤዙ እርሷን ጠይቁ።